የታጠበ ቅጠል ሁሉ ንጹሕ ነው? ትኩስ አትክልት በፋብሪካ እንዴት ታጥቦ ይደርቃል?

እአአ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2006 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለአገሪቱ ሕዝብ አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በከረጢት ታሽጎ የሚሸጥ ትኩስ ስፒናች ማንም ሰው እንዳይበላ የሚል ነበር።

ስፒናቹ ከእርሻ እንደተቆረጠ በቀጥታ ወደ ገበያ የወጣ አልነበረም። በዘመናዊ ፋብሪካ ታጥቦ፣ ውሃው ተወግዶለት፣ ከዚያም ታሽጎ፣ ገዢው ቤቱ ወስዶ ሳያጥብ እንዲበላው የተዘጋጀ ነበር። ያም ሆኖ ኢ ኮላይ ኦ157 የተባለው አደገኛ ባክቴሪያ በ26 ግዛቶች 205 ሰዎችን ማሳመሙ ተረጋገጠ። 31 የሚሆኑት ኩላሊታቸውን ለሚያዳክም ከባድ ሕመም ተዳረጉ። ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ አንዱ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር።

መርማሪዎች የበሽታውን ዱካ ተከትለው በካሊፎርኒያ፣ ሳን ቤኒቶ አውራጃ ከሚገኝ አንድ ማሳ ደረሱ። ከማሳው ብዙም ሳይርቅ በከብቶች እበት፣ በዱር አሳማዎች ዓይነ ምድርና በወንዝ ውሃ ውስጥ ያንኑ የባክቴሪያ ዝርያ አገኙት። ባክቴሪያው ቅጠሉ ላይ በትክክል በየትኛው መንገድ እንደደረሰ ግን ምርመራው ሊያረጋግጥ አልቻለም። የታወቀው ነገር፣ ከእርሻ ይዞት የመጣውን ብክለት የፋብሪካው ማጠቢያ አለማስወገዱ ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ማሽኖች ምን ይሠራሉ? ምንስ አይሠሩም? በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ጥሬ ሰላጣ የሚበላው ሰው እየበዛ በሄደበት በዚህ ወቅት ጥያቄው የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ቅጠል ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል

ሰላጣ፣ ስፒናች፣ ቆስጣና ጎመን ከሥራቸው ከተለዩ በኋላም ሕይወት አላቸው። ኦክስጅን እየሳቡ ያከማቹትን ስኳር ያቃጥላሉ፤ በምትኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ሙቀት ያስወጣሉ። ስኳሩ ሲያልቅና ውሃው ሲተን ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይገረጣል፣ በመጨረሻም ይበሰብሳል።

ይህን ሂደት የሚያፋጥነው ሙቀት ነው። የሙቀት መጠኑ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ቅጠሉ የሚተነፍስበት ፍጥነት ሁለትና ሦስት እጥፍ ያድጋል። ለዚህም ነው አብዛኛው ቅጠላማ አትክልት ከዜሮ ዲግሪ ብዙም ከፍ በማይልና እርጥበቱ ከ95 በመቶ በላይ በሆነ አየር ውስጥ ሲቀመጥ የተሻለ የሚቆየው። ከዚህ ሕግ የሚወጡም አሉ። ለምሳሌ የበሶብላ ዘመድ የሆነው ባዚል ከ10 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ቅጠሉ ይጠቁራል።

በትልልቅ እርሻዎች አጨዳው ብዙ ጊዜ ሌሊት ወይም ማለዳ የሚካሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የታጨደ ቅጠል የማሳውን ሙቀት ተሸክሞ ይመጣል። ያ ሙቀት በፍጥነት ካልተወገደ፣ በኋላ የሚደረገው ማጠብም ሆነ ማሸግ ያጠፋውን ጊዜ አይመልሰውም።

ከማጠብ በፊት ማቀዝቀዝ

ቅጠልን በፍጥነት ለማቀዝቀዝ በስፋት የሚሠራበት ዘዴ ቫክዩም ማቀዝቀዣ ይባላል። የሚሠራበት ሕግ ለደጋ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። በባሕር ወለል አካባቢ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። በአዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ግፊቱ ይበልጥ ሲቀንስ ውሃ የሚፈላበት የሙቀት መጠንም አብሮ ይወርዳል።

የቫክዩም ማቀዝቀዣ ይህን ሕግ እስከ ጥጉ ይወስደዋል። ቅጠሉ በሳጥን እንዳለ ጠንካራ ግድግዳ ባለው ክፍል ውስጥ ይገባና በሩ ይዘጋል። አየሩ በኃይለኛ ፓምፕ ይወጣል። በክፍሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከመደበኛው ከመቶ አንድ እጅ በታች ሲደርስ በቅጠሉ ላይና ውስጥ ያለው ውሃ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ መፍላት፣ ማለትም መትነን ይጀምራል። የሚተነው ውሃ ሙቀቱን ከቅጠሉ ይወስዳል። የቅጠሉ ክብደት አንድ በመቶ ያህል ውሃ ሲተን ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ሙሉ ጭነት ለማቀዝቀዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ሊበቃ ይችላል።

የሸክላ እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘውም በተመሳሳይ መንገድ ነው። በግድግዳው ሰርጎ የወጣው ውሃ በውጭው አየር ሲተን ሙቀትን ይዞ ይሄዳል፤ ውስጥ የቀረው ይቀዘቅዛል። ልዩነቱ የፓምፑ ጉልበትና ፍጥነቱ ነው።

ቅጠሉ ከመታጠቡ በፊት መቀዝቀዝ ያለበት ለመቆያ ጊዜው ብቻ አይደለም። ትኩስ ቅጠል በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነከር በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ያኔ በተቆረጠው ጫፍና በመተንፈሻ ቀዳዳዎቹ በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው ውስጥ ባክቴሪያ ካለ አብሮ ይገባል። አንዴ ከገባ ደግሞ የትኛውም ማጠቢያ አይደርስበትም።

በማጠቢያው መስመር ላይ

ቅጠሉ ወደ ፋብሪካው ሲገባ መጀመሪያ ይለቀማል። የቢጫና የበሰበሱ ቅጠሎች፣ አረም፣ ነፍሳት፣ አንዳንዴም ጠጠር ከውስጡ ይወጣል። ተከትፎ የሚሸጥ ከሆነ በስለታም ቢላዎች ይቆረጣል። ስለቱ የደነዘ ቢላ ቅጠሉን ከመቁረጥ ይልቅ ይጨፈልቀዋል፤ ከተጨፈለቀው ክፍል የሚወጣው ጭማቂ ለባክቴሪያ ምግብ ይሆናል፤ ጠርዙም ቶሎ ይጠቁራል።

ከዚያ በኋላ በተሸካሚ ቀበቶ ላይ ሳለ ከላይ ውሃ ይረጭበታል። ይህ የመጀመሪያ ሻወር አፈሩንና ጭማቂውን ያነሳል። ቀጥሎ ከማይዝግ ብረት ወደተሠራ ረጅም ገንዳ ይገባል። ውሃው ብዙ ጊዜ ከ5 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ነው። ከገንዳው ሥር በቧንቧዎች የሚነፋ አየር ውሃውን እንደሚፈላ ድስት ያንተከትከዋል። ቅጠሉ ይገለባበጣል፤ አሸዋው ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ነፍሳትና ቀላል ቆሻሻ ወደ ላይ ተንሳፍፎ በጠርዙ ይፈስሳል። መፋተግና መፋጨት የለም፤ ለስላሳ ቅጠል ይህን አይችልምና።

ከመጀመሪያው ገንዳ የወጣው ቅጠል በሚንቀጠቀጥ ወንፊት ላይ አልፎ ወደ ሁለተኛው ይገባል። እዚህ ውሃው ውስጥ ተሕዋስያንን የሚገድል ንጥረ ነገር ተጨምሯል። በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። በእያንዳንዱ ገንዳ ያለው ቆይታ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

በጥሩ ሁኔታ የተነደፈ መስመር ላይ ውሃውና ቅጠሉ የሚጓዙት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ንጹሑ ውሃ በመጨረሻው ገንዳ ይገባና ደረጃ በደረጃ ወደ መጀመሪያው ይወርዳል። ስለዚህ እጅግ የቆሸሸው ቅጠል የሚገናኘው ከአሮጌው ውሃ፣ ሊታሸግ የተቃረበው ደግሞ ከአዲሱ ውሃ ጋር ነው። በዚህ መንገድ ውሃም ይቆጠባል፤ የታጠበው መልሶ አይቆሽሽም።

ክሎሪኑ የሚጠብቀው ማንን ነው?

ብዙ ሰው በማጠቢያ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን ቅጠሉን ከባክቴሪያ የሚያነጻ ይመስለዋል። ሥራው ግን ከዚህ ይለያል።

በፋብሪካ ማጠብ በቅጠል ላይ ያሉትን ባክቴሪያዎች ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 99 በመቶ ይቀንሳል። ቁጥሩ ሲሰማ ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ ካለበት ቅጠል 99 በመቶው ቢወገድ እንኳ አሥር ሺህ ይቀራል። ኢ ኮላይ ኦ157 ሰውን ለማሳመም ደግሞ ከመቶ ያነሱ ባክቴሪያዎች ሊበቁት ይችላሉ።

ለዚህ ነው የክሎሪኑ ዋና ተግባር ውሃውን መጠበቅ የሆነው። በአንድ ትልቅ ፋብሪካ በሰዓት በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ቅጠል በአንድ ውሃ ውስጥ ያልፋል። ከአንድ ማሳ ጥግ የመጣ ጥቂት የተበከለ ቅጠል ባክቴሪያውን ወደ ውሃው ሲለቅ፣ ውሃው ንጹሕ ለነበረው ለሌላው ሁሉ ያዳርሰዋል። በውሃው ውስጥ በቂ ክሎሪን ካለ ግን ባክቴሪያው ከቅጠሉ ተላቅቆ ሌላ ቅጠል ላይ ከማረፉ በፊት፣ በሰከንዶች ውስጥ ይሞታል። ውሃው ራሱ የበሽታ ማመላለሻ እንዳይሆን የሚያግደው ይህ ነው።

ይህ የሚሆነው ግን መጠኑ ሳይቋረጥ ከተጠበቀ ብቻ ነው። አፈርና የቅጠል ጭማቂ ክሎሪንን ይበሉታል። ጠዋት በትክክል የተለካ ገንዳ ብዙ ቅጠል ካለፈበት በኋላ ባዶ ውሃ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ቢያንስ 10 ሚሊግራም ነጻ ክሎሪን ሲኖር ብክለት ከቅጠል ወደ ቅጠል መተላለፉ በእጅጉ እንደሚገታ አሳይተዋል። የውሃው ኮምጣጣነት፣ ማለትም ፒኤቹም መጠበቅ አለበት። ከ6.5 እስከ 7 አካባቢ ሲሆን ክሎሪኑ በደንብ ይሠራል። ከዚያ በጣም ሲጨምር ኃይሉ ይደክማል፤ በጣም ሲቀንስ ደግሞ ለሠራተኞች ሳንባ አደገኛ የሆነ ጋዝ ይተናል። በዚህ የተነሳ በትልልቅ ፋብሪካዎች መለኪያዎች ውሃውን ያለማቋረጥ እየመረመሩ የጎደለውን በራሳቸው ይጨምራሉ።

ክሎሪን በሁሉም አገር ተቀባይነት የለውም። ከአፈርና ከቅጠል ጭማቂ ጋር ሲዋሐድ የማይፈለጉ ንጥረ ነገሮች ስለሚፈጥር ጀርመንና ኔዘርላንድስን የመሳሰሉ የአውሮፓ አገሮች ተከትፎ የሚሸጥ ሰላጣ በእሱ እንዲታጠብ አይፈቅዱም። ፔራሴቲክ አሲድና ኦዞን በአማራጭነት ይሠራባቸዋል። አንዳንድ አምራቾች ደግሞ በየጊዜው በሚታደስ ንጹሕ ውሃና በጥብቅ የእርሻ ቁጥጥር ላይ ይተማመናሉ።

ማጠብ የማይደርስበት ቦታ

ለዓይን ለስላሳ የሚመስለው ቅጠል በማጉያ መነጽር ሲታይ ሸለቆና ዋሻ የበዛበት ነው። ባክቴሪያዎች በመተንፈሻ ቀዳዳዎቹ፣ በደም ሥሮቹ ጎንና በተቀደዱት ጠርዞች ይሸሸጋሉ። አንዳንዶቹም ባዮፊልም የሚባል የሚያጣብቅ ሽፋን ሠርተው በውስጡ ይከተታሉ፤ ክሎሪኑ ይህን ሽፋን ሰብሮ ለመግባት ይቸገራል።

ክሎሪን የማይበግራቸው ተሕዋስያንም አሉ። ብርቱ ተቅማጥ የሚያስከትሉት ክሪፕቶስፖሪዲየምና ሳይክሎስፖራ በማጠቢያ ገንዳ ውስጥ በሚፈቀደው መጠን አይሞቱም። የወስፋት እንቁላልም እንዲሁ ወፍራም ቅርፊቱ ይጠብቀዋል። እነዚህ በሰው ዓይነ ምድር በተበከለ ውሃና አፈር አማካይነት ቅጠሉ ላይ ይደርሳሉ፤ መከላከል የሚቻለውም እዚያው እርሻው ላይ ነው።

እአአ በ2018 የጸደይ ወራት ይህ ዳግም ታየ። በአሪዞና ግዛት ዩማ አካባቢ ከበቀለ ሮሜይን ሰላጣ ጋር በተያያዘ በ36 ግዛቶች 210 ሰዎች ታመሙ፤ አምስቱ ሞቱ። መርማሪዎች የበሽታውን ዝርያ በአካባቢው በነበረ የመስኖ ቦይ ውሃ ውስጥ አገኙት።

ከ2006ቱ አደጋ በኋላ የካሊፎርኒያ ቅጠላማ አትክልት አምራቾች በ2007 የመስኖ ውሃን፣ የእንስሳትን መጠጋትና የሠራተኞችን ንጽሕና የሚቆጣጠር የጋራ ስምምነት መሥርተዋል። በ2011 የጸደቀው የአሜሪካ የምግብ ደኅንነት ማዘመኛ ሕግም በሽታ ከተነሳ በኋላ ከመሯሯጥ ይልቅ አስቀድሞ መከላከልን ግዴታ አደረገ። የዩማው አደጋ የደረሰው ከእነዚህ ሁሉ እርምጃዎች በኋላ መሆኑ ሥራው ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ያሳያል።

ማድረቅ፦ የተዘነጋው ግማሽ

ቅጠል ታጥቦ ሲያበቃ ቀጭን የውሃ ሽፋን ይዞ ይወጣል። በዚህ ሁኔታ ከታሸገ የከረጢቱ ውስጥ ይታፈናል፤ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባል፤ ቅጠሉም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሟልጫል። ስለዚህ ማድረቅ የማጠብ ተቀጥላ ሳይሆን እኩል ክብደት ያለው ሥራ ነው። ዓላማው በቅጠሉ ላይ ያለውን ውሃ ማንሳት እንጂ በውስጡ ያለውን ማውጣት አይደለም። የውስጡ ከወጣ ቅጠሉ ይጠወልጋል።

በስፋት የሚሠራበት መሣሪያ ሴንትሪፉጅ ነው። ቅጠሉ ዙሪያውን በተበሳ ቅርጫት ውስጥ ይገባና ቅርጫቱ ይሽከረከራል። ውሃው በቀዳዳዎቹ ወደ ውጭ ይፈናጠራል፤ ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ልብሱን የሚጨምቀው በዚሁ መንገድ ነው። ብልሃቱ ያለው ፍጥነቱን በመቆጣጠር ላይ ነው። ማሽኑ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ደረጃ በደረጃ ይፈጥናል፣ ከዚያም በዝግታ ይቆማል። በድንገት ከተነሳ ወይም ከልክ በላይ ከፈጠነ ቅጠሉ ከቅርጫቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይቀጠቀጣል። ጉዳቱ በዚያው ሰዓት ላይታይ ይችላል፤ ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ግን ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

ለጠንካራው ሮሜይን ሰላጣ የሚስማማው ፍጥነት ለሕፃን ስፒናች አይስማማም። ገና ሳይጎለምሱ ለሚታጨዱ ስስ ቅጠሎች ብዙ ፋብሪካዎች የአየር ዋሻ ይጠቀማሉ። ቅጠሉ በሚንቀጠቀጥ ቀበቶ ላይ ተበትኖ በረጅሙ ክፍል ውስጥ ያልፋል፤ ከላይም ከታችም እርጥበቱ የተወገደ ቀዝቃዛ አየር ይነፍስበታል። ይህ ዘዴ ከሴንትሪፉጅ የበለጠ ቦታና ኃይል ይፈልጋል፤ ቅጠሉን ግን አይጎዳውም።

መድረቁን ለማወቅ ዓይን ብቻ አይበቃም። ሠራተኞች ናሙና ይመዝናሉ፣ በወረቀት ፎጣ ያብሱታል፣ መልሰው ይመዝኑታል። ልዩነቱ ቅጠሉ ላይ የቀረው ውሃ ነው። በዚህ ልክ የሽክርክሪቱ ጊዜና ፍጥነት ይስተካከላል።

ከዚህ በኋላ ቅጠሉ ተመዝኖ፣ ብረት የሚለይ መሣሪያ ፊት አልፎ ይታሸጋል። ከረጢቱም ተራ ፕላስቲክ አይደለም። ቅጠሉ በዝግታ እንዲተነፍስ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ተቀንሶ፣ የሚገባውና የሚወጣው አየር በልክ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። የቅዝቃዜው ሰንሰለት ካልተቋረጠ በዚህ መንገድ የታሸገ ሰላጣ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። አንድ ቀትር በፀሐይ ውስጥ ከዋለ ግን ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል።

አጣቢው ራሱ ሲቆሽሽ

ቅጠልን የሚነካ ማሽን ሁሉ በየቀኑ ተፈታትቶ መታጠብ አለበት። የቅጠል ቅሪት በሴንትሪፉጁ ቅርጫት ሥር፣ በቀበቶው መጋጠሚያና በወለሉ የውሃ መውረጃ ይጠራቀማል። በእነዚህ ቀዝቃዛና እርጥብ ስፍራዎች የሚመቸው ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ሌሎቹን የሚያዘገየው የማቀዝቀዣ ቅዝቃዜ እሱን አያቆመውም። ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች ገዳይ ሊሆን ይችላል።

እአአ በ2016 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ከሚገኝ አንድ የሰላጣ ማሸጊያ ፋብሪካ ጋር በተያያዘ በሊስቴሪያ የታመሙ 19 ሰዎች በሙሉ ሆስፒታል ገብተዋል፤ አንድ ሰው ሞቷል። ስለዚህ የማሽኑ ቅርፅ ራሱ የጤና ጉዳይ ነው። ለስላሳ ብየዳ፣ ውሃ የማይቋጥር ተዳፋት፣ በቀላሉ የሚከፈት ክዳን ከውበት በፊት የሚታሰቡ ነገሮች ናቸው።

ድስቱ የማሽኑን ሥራ ሲሠራ

በኢትዮጵያ የሐበሻ ጎመን፣ በኬንያ ደግሞ ሱኩማ ዊኪ ለዘመናት የተበሉት በስለው ነው። ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ምግብ በሙሉ ከ70 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይሞታሉ፤ በደንብ የፈላ ጎመን የወስፋት እንቁላልም አይተርፍበትም። የትኛውም የማጠቢያ መስመር የማይችለውን ድስቱ ሲያደርገው ኖሯል።

በከተሞች የአመጋገቡ ልማድ ሲለወጥ ይህ ጥበቃ ይነሳል። ጥሬ ሰላጣ በሆቴሎች፣ በርገር ቤቶችና በጾም በያይነቱ ላይ የዘወትር እንግዳ ሆኗል። ከበስተጀርባው ግን ቫክዩም ማቀዝቀዣም ሆነ ክትትል የሚደረግበት የማጠቢያ ገንዳ ብዙ ጊዜ የለም።

የውሃው ምንጭ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስባል። በአዲስ አበባ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ዳር ለበርካታ አሥርት ዓመታት ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ሲለማ ኖሯል። ወንዞቹ የመኖሪያ ቤቶችን ፍሳሽና የፋብሪካዎችን ዝቃጭ ይቀበላሉ። በእነዚህ እርሻዎች አትክልት ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ከባድ ብረታ ብረቶችን አግኝተዋል። በጅማና በአርባ ምንጭ ገበያዎች በተሸጡ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም የወስፋት እንቁላልንና ጃርዲያን የመሰሉ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያንን አሳይተዋል። እዚህ ላይ ልዩነቱን ማስተዋል ያሻል። ተሕዋስያንን እሳት ይገድላቸዋል። ቅጠሉ በሥሩ የሳበውን እርሳስ ወይም ካድሚየም ግን ማጠብም መቀቀልም አያወጣውም።

ገበያ ላይ የሚታየው ሌላው ልማድ ጎመንና ሰላጣ እንዳይጠወልግ በየጊዜው ውሃ መርጨት ነው። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ቅጠሉን ለጥቂት ሰዓታት ያቀዘቅዘዋል፤ ለዓይንም ያሳምረዋል። ከባልዲ ወደ ባልዲ የዞረ ወይም ከቦይ የተቀዳ ከሆነ ግን የፋብሪካው ቆሻሻ ገንዳ የሚያደርገውን ያደርጋል፤ የአንዱን እስር ብክለት ለሌላው ያዳርሳል። በእርጥበቱ ላይ የቀትሩ ሙቀት ሲጨመር ደግሞ መበስበሱ ይፋጠናል።

የዓለም የጤና ድርጅት እአአ በ2015 ባወጣው ግምት መሠረት በመላው ዓለም በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰዎች በተበከለ ምግብ ይታመማሉ፤ 420 ሺህ ይሞታሉ። ከሕዝብ ብዛት አንጻር ከባዱን ሸክም የተሸከመችው አፍሪካ ናት።

በሌላ በኩል በአካባቢው ሥራውን ጠንቅቀው የሚያውቁ አሉ። ኬንያ ለአውሮፓ ሱፐርማርኬቶች ፎሶሊያና ሌሎች አትክልቶችን ለቅማ፣ አቀዝቅዛና አሽጋ በአውሮፕላን ትልካለች። ከኢትዮጵያም ትኩስ ቅመማ ቅጠል ወደ አውሮፓና ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ይላካል። ለውጭ ገዢ የሚሟላው ጥንቃቄ ለአገር ውስጥ ሸማች አለመድረሱ ግን በብዙ አገሮች የሚታይ ክፍተት ነው።

ትልቅ ፋብሪካ የግድ ነው?

መርሁን ለመከተል ብዙ ሚሊዮን ብር አያስፈልግም። በአሜሪካ ብዙ አነስተኛ አርሶ አደሮች የቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ማሽንን ለውጠው ለሰላጣ ማድረቂያ ያውሉታል። የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኤክስቴንሽን አገልግሎትም ይህ እንዴት በንጽሕና እንደሚከናወን መመሪያ አዘጋጅቷል። ማሽኑ የሚፈለገው ለሽክርክሪቱ ብቻ ነው፤ ውሃ የሚሞላበት ክፍል አይሠራበትም። ቅጠሉ በሚታጠብ ቅርጫት ወይም መረብ ተይዞ ይገባል። ማሽኑም ለሌላ ሥራ አይውልም፤ ከሥራ በኋላም ተከፍቶ ይጸዳል።

ለማጠብ ደግሞ ሦስት ገንዳዎች በቅደም ተከተል ይበቃሉ፤ የመጀመሪያው አፈሩን ለማንሳት፣ ሁለተኛው በተለካ ክሎሪን ለማጠብ፣ ሦስተኛው ለማለቅለቅ። ገንዳዎቹ ለማጽዳት የሚመቹና የማይዝጉ መሆን አለባቸው። ውሃው ከመጠጥ ውሃ ያነሰ ጥራት ሊኖረው አይገባም፤ ሲደፈርስም ይለወጣል። በርካሽ የሚገኝ የክሎሪን መለኪያ ወረቀት ገንዳው ገና እየሠራ መሆኑን ወይም ባዶ ውሃ መሆኑን ይናገራል።

መብራት በሌለበት ቦታ በኬንያ ገጠሮች የሚታየው የከሰል ማቀዝቀዣ አንድ አማራጭ ነው። በሁለት የሽቦ መረቦች መካከል ከሰል ተሞልቶ ግድግዳ ይሠራና ውሃ እንዲንጠባጠብበት ይደረጋል። ውሃው ሲተን የውስጡ አየር ይቀዘቅዛል። እንደ እንስራው ሁሉ አየሩ ደረቅ በሆነበት ቆላ የተሻለ ይሠራል፤ እርጥበት በሚበዛበት የባሕር ዳርቻ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

የጤና ባለሥልጣናት ያልታሸገ ሰላጣ ከመከተፉ በፊት ቅጠል በቅጠል ተለያይቶ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ እንዲታጠብ ይመክራሉ። የውጭዎቹ ቅጠሎች ይጣላሉ። ሳሙና አይመከርም፤ ቅጠሉ ሊመጠው ይችላልና። ኮምጣጤና ሎሚ የተወሰኑ ባክቴሪያዎችን ይቀንሳሉ፤ ጥሬውን ሰላጣ ግን አስተማማኝ አያደርጉትም። ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወረቀት ፎጣ ማድረቅ ባክቴሪያውን ይበልጥ ይቀንሳል፤ የመቆያ ጊዜውንም ያራዝማል።

ታጥቦ የታሸገና ለመበላት ዝግጁ መሆኑ የተጻፈበትን ሰላጣ በተመለከተ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዳግመኛ ማጠብ አያስፈልግም ይላል። ጥሬ ሥጋ በተከተፈበት ገንዳ ወይም ባልታጠበ እጅ እንደገና ማጠብ ንጹሑን ሊበክለው ይችላል። ዋናው ጥንቃቄ ከረጢቱ እስኪከፈት ድረስ በማቀዝቀዣ መቆየቱና ጊዜው አለማለፉ ነው።

የውሃው ንጽሕና ወይም አትክልቱ የበቀለበት ስፍራ ሲያጠራጥር፣ በተለይም ኮሌራ ወይም ሌላ የተቅማጥ በሽታ በተቀሰቀሰበት ወቅት፣ ቅጠሉን አብስሎ መብላት ይመረጣል። በ2006 በአሜሪካ ገበያ ላይ ከነበረው ስፒናች በሽታ አምጪው የተገኘባቸው ከረጢቶች ኦገስት 15 በተባለ አንድ ቀን የታሸጉ ነበሩ። በዚያን ቀን ፋብሪካው ውስጥ ገንዳው ነበረ፣ ማድረቂያውም ነበረ። የጎደለው ቅጠሉ እዚያ ከመድረሱ በፊት፣ ማሳው ላይ መደረግ የነበረበት ጥንቃቄ ነበር።